ሰው የሌለበት ፊልም

ለእናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ እማዬ? ጉልበትሽስ እንዴት ይዞሻል? ብርድ ሲገባ ደረጃ አትውጪ ብዬሽ ነበር፤ እንደማትሰሚኝ ባውቅም ልማዴ ነውና ደግሜ እላለሁ። ያ የሚያፈስ ጣሪያስ ተሠራልሽ? የአክስቴ ልጅ ነገ ነገ እያለ እንዳያከርምሽ፤ እሱ እንደሆነ ነገን እንደ ዘመድ የሚወድ ሰው ነው። እኔ በሥራም በጤናም ደህና ነኝ። ጋሼም አለ። “ደህና ነው” ብዬ ልጽፍልሽ ጀምሬ ተውኩት። “አለ” ማለቱ ይበልጥ እውነት መስሎ ታየኝ።

ባለፈው በስልክ ለጠየቅሽኝ መልስ ያልሰጠሁሽ መልስ አጥቼ አይደለም። አንቺ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርገሽ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠሽ ነው የምታወሪው፤ አክስቴም ጎረቤትሽም መንገደኛውም ይሰማል። ይሄ ነገር ደግሞ ላንቺ ብቻ የሚነገር ነው። ስለዚህ መነጽርሽን አድርጊና በርሽን ዘግተሽ ራስሽ አንብቢው። ዓይኔ ደከመ ብለሽ ለሌላ ሰው አትስጪው። ከደከመሽ አሳርፊው፤ የትም አይሄድም። ፊደሉን ለዚሁ ብዬ አጉልቼ ነው የምጽፈው።

“ጋሼ ስለ ወንድሙ ፊልም ሠራ አሉ፤ መጥቼ ልጄን ልየው” ነበር ያልሽኝ። ቀጥለሽ ደግሞ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ፣ “ወንድምሽ ዋሻው ከተናደባቸው ቀን ወዲህ ዓይኔን አይቶኝ አያውቅም። ትንሹን ከሱ ጋር እንዲሠራ የላክሁት እኔ ነኝና ቂም ይዞብኛል” አልሽ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ያ ቃልሽ ከጆሮዬ አልወጣም። ይሄን ደብዳቤ የምጽፈው ለፊልሙ ስል አይደለም። ለዚያ ቃልሽ ስል ነው።

መጀመሪያ ስለ ፊልሙ ልንገርሽና ቁርጡን እወቂው፤ ፌንጣ በውስጡ የለም። አንድ ቦታ አርፎ አይቀመጥም ብለሽ አንቺው ፌንጣ ያልሽው ልጅ ፊቱም ፎቶውም ስሙም በፊልሙ ውስጥ የለም። ጋሼም የለም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰው የሚባል አይታይበትም። ዋሻም አይታይም። ጥቁር ነገር ነው፣ በላዩ ብርሃንና ቀለም የሚንቀሳቀስበት፣ ከሥሩ ድምፅ ያለው። ይኸው ነው። “ታዲያ ይሄ ምኑ ፊልም ነው?” እንደምትይ አውቃለሁ። እኔም እንደዚያው ነበር ያልኩት።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምርልሽ።

ጋሼ እኔ ዘንድ ሲመጣ “ትንሽ ደክሞታል” ብዬ ነበር የነገርኩሽ። ድካም ቢሆንማ ተኝቶ ይነሳ ነበር። በር ዘግቶ መቀመጥ አይችልም፣ ከፍቶም መቀመጥ አይችልም፤ መቃኑ ሥር፣ ግማሽ ጎኑን ሳሎን፣ ግማሹን መተላለፊያው ላይ አድርጎ ይውላል። ቆሞ ነው የሚበላው። ሊፍት ሲያይ ፊቱ አመድ ይመስላል። ፍሪጁ ማጉረምረም ሲጀምር ይነሳና ሶኬቱን ይነቅላል፤ ወተቱ ይበላሻል፣ እኔ እጮሃለሁ፣ እሱ “እሺ” ይላል። ንግግሩ ሁሉ በሁለት ቃል አልቆ ነበር፤ “እሺ” እና “ተይው”። ግራ ጆሮው ከዋሻው እንዳልወጣ ታውቂያለሽ። የተረፈው ቀኙ የሁለቱን ሥራ ለብቻው ደርቦ ያዘና፣ ጎረቤት ማንኪያ ሲወድቅ ከመቀመጫው ያስነሳው ጀመር።

ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሐኪሙ ደግ ሰው ነው፣ ድምፁም ለስላሳ። “የሆነውን ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገረኝ” አለው። ጋሼ “ጨለማ ነበር” አለ። ሐኪሙ “እሺ፣ ከዚያስ?” ሲለው “ከዚያማ እሱው ነው” ብሎ ተነሳ። ደረጃውን ስንወርድ፣ “ሁለተኛ አታምጪኝ። ሰውዬው ተረት ነው የፈለገው። መጀመሪያ የለው፣ መጨረሻ የለው፣ ከየት ጀምሬ ልንገረው?” አለኝ። ለሱ ይሄ ብዙ ንግግር ነበር።

ጋዜጠኞችም መጡ። አንዷ “ምን ተሰማህ?” ብላ ማይኩን ስትዘረጋለት እንባዋ ከሱ መልስ ቀደመ። እኔን አየኝና ወደ ጓዳ ገባ።

ከዚያ ደግሞ ዋሻውን የሚያስቆፍረው ድርጅት ለመታሰቢያ ብሎ ፊልም አሠራና ጋበዘን። አንቺ እንኳንም አልመጣሽ። ጥሩ ተዋናይ ነበር፣ ፊቱን አፈር ቀብተውት፣ ግንባሩ ላይ መብራት አስረውለት፣ ቫዮሊን እያለቀሰለት በጉልበቱ ይድሃል። ሰዉ በሙሉ ሶፍት ያወጣል። ጋሼ ወደ እኔ ዘንበል ብሎ፣ “ይሄ ሰውዬ እኮ መብራት አለው” አለኝ። ዝም እንዲል እጁን ያዝኩት። ትንሽ ቆይቶ ተነሳ። ውጭ ላይ ደርሼበት “ምነው?” ስለው፣ “ሁሉንም አሳዩት እኮ። ጨለማውን ሳይቀር አሳዩት” አለኝ። ያን ጊዜ ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም።

የኔን ሥራ ታውቂዋለሽ፤ ለጎረቤት “የሬዲዮ ነገር ናት” እያልሽ የምትነግሪው ነው። ፊልም ላይ ድምፅ እገጥማለሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለማስታወቂያ። የሳሙና አረፋ ሲፈነዳ ድምፅ የለውም፤ ድምፅ የምሰጠው እኔ ነኝ። ፍሬ የሚገምጠው ቆንጆ ልጅ አፉ ውስጥ የሚሰማው እርጥብ ጨርቄ ነው። ማስታወቂያ ላይ ድምፅ አሽከር ነው። ብርጭቆ ከታየ ይንቃጨላል፣ በር ከታየ ሲጥ ይላል፣ ጌታው ባለፈበት ሁሉ ተከትሎ ይሄዳል።

አንድ ቀን አለቃዬ በዕድሜ ጠና ያሉ ሴት ሰዓሊ አምጥቶ ከኔ ጋር አገናኛቸው። ሥራቸው በአሮጌ የፊልም ጥቅል ላይ ነው። በመርፌ ይጭሩታል፣ ቀለም ያንጠባጥቡበታል፣ ጨው ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈው እንደ ልብስ ያሰጡታል። ከዚያ በፕሮጀክተር ሲታይ የሚርገበገብ ብርሃን ነው፤ የሚያብጥ፣ የሚሟሽሽ፣ እንደ ሽንት ቤት ሻጋታ የሚስፋፋ ቀለም ነው። አለቃዬ “ይሄ ለሲኒማ ነው ለዓይን ምርመራ?” አለ። ካሜራማኑ ደግሞ፣ “እኛ ቤት አንቴናው ሲወልቅ ይሄንኑ በነፃ እናያለን” ብሎ ሁላችንንም አሳቀን። እሳቸውም አብረውን ሳቁ። እኔ ግን እየሳቅሁ ግራ ገብቶኝ ነበር። በር የለ፣ ብርጭቆ የለ፤ ምን ላሰማ? “የምን ድምፅ ላድርግበት?” ብዬ ጠየቅኋቸው።

“የምን እንደሆነ የማይታወቅ” አሉኝ። “ሰው የምን እንደሆነ ካወቀ መስማቱን ያቆማል።”

እማዬ፣ ይሄ አነጋገር መጀመሪያ የሰዓሊ ጉራ መሰለኝ። እየሠራሁት ስሄድ ነው የያዘኝ። የውኃ ማሞቂያ ጩኸት በጣም አዘግሜ ሳሰማው ማሞቂያነቱ ይጠፋል፤ የሆነ ትልቅ ነገር ተኝቶ የሚተነፍስ ይሆናል። ከዓይን ፊት ደግሞ ስም የሌለው ሰማያዊ ነገር ይመጣል። ጆሮሽ “ይሄ ምንድነው?” እያለ ይፈልጋል፣ ዓይንሽ ይፈልጋል፣ የሚያገኙት ሲያጡ ወደ ራስሽ ይመለሳሉ። አለቃዬ እዚያው ወንበር ላይ አንቀላፋ። ጽዳት የምትሠራው እናት ግን መጥረጊያዋን ይዛ ቆማ ጨረሰችውና፣ “ልጄ ስትወለድ የተኛሁበት ክፍል ነው” ብላ ወጣች። ማንም ስለ ክፍል አልነገራትም። እንደዚህ ያለ ፊልም ለማንም ምንም አይነግርም፤ ግን ያለሽን ይጠይቅሻል። እኔ ይሄን ሥራ የወደድኩት ያን ቀን ነው።

ጋሼ ወደ መሥሪያ ቤቴ የመጣው በዚሁ ሰሞን ነው። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሰፈራችን መብራት ጠፋና ቤት ውስጥ ብቻውን መቆየት አቃተው። እኔ ያለሁበት ድረስ በእግሩ መጥቶ፣ ፎቁን በደረጃ ወጥቶ፣ ላብ አጥምቆት በሩ ላይ ቆመ። ክፍሉ ጨልሞ ሰዓሊዋ አዲስ ጥቅል እያሳዩን ነበር። “ላብራው?” ብዬ ልነሳ ስል እጁን አነሳና አስቆመኝ።

የሚታየው ጥቁር ነበር። ጥቁሩ ግን ዝም ያለ አይደለም፤ እንደ ደቃቅ አሸዋ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ከዳር በኩል ወይን ጠጅ የሚመስል ነገር ቀስ ብሎ ያብጣል፣ ልትይዢው ስትይ ይሸሻል። ጋሼ ከበሩ ወደ ውስጥ ገባ። እማዬ፣ ከመጣ ጀምሮ መስኮት የሌለው ክፍል ሲገባ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ጥቅሉ አልቆ መብራት ሲበራ ፊቱ በእንባ ታጥቧል። ወደ ሰዓሊዋ ሳይሆን ወደ እኔ ዞሮ፣

“ይሄን ማን ነገራቸው?” አለኝ።

ሰዓሊዋ ሰሙት። “ማንም አልነገረኝም። በልጅነቴ ዓይኔን ታምሜ ለረጅም ጊዜ በፋሻ ታስሬ ነበር” አሉት። ጋሼ አጠገባቸው ቁጭ አለ። ቁጭ አለ ስልሽ፣ ወንበር ላይ። “ጨለማ ጥቁር አይደለም አይደል?” አላቸው። “መጀመሪያ ነው ጥቁር የሚሆነው” አሉት። “አዎ፣ መጀመሪያ ብቻ” አለ። “ከዚያ ቀለሙ ይመጣል። ዓይኔን ብከፍትም ብዘጋም ያው ነው። እኔ አእምሮዬ የተነካ መስሎኝ ለማንም አልተናገርኩም።” እንደዚህ ሆነው፣ ሁለት ሰዎች ስለሚያውቁት አገር እንደሚጫወቱ፣ ሲያወሩ አመሹ። የት ጋ ቀይ እንደሚሆን፣ የት ጋ የራስ እጅ የሚታይ እንደሚመስል። እኔ ማሽኔ አጠገብ ተቀምጬ የወንድሜን በሐኪም፣ ባንቺም፣ በኔም ያልተፈታ አንደበት ሳደምጥ አመሸሁ። ቀናሁ ብልሽ ይቅር በይኝ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ መምጣት ጀመረ። ሰዓሊዋ ባዶ ጥቅልና ሚስማር ሰጡት። የድንጋይ መቆፈሪያ የያዘ ጣት ለሚስማር ይከብዳል ብዬ ነበር፤ እንደ መስፊያ ያዘው። እሱ ይጭራል፣ እኔ ድምፁን እሠራለሁ። በድምፁ ግን አንስማማም ነበር። የውኃ ጠብታ አሰማሁት። “ይሄ የቧንቧ ነው፤ የት እንደሚያርፍ ያውቃል” አለኝ። ጠብታውን ከማረፊያው በፊት እየቆረጥኩ አሰማሁት። “አዎ። እንደሱ ነው፤ ሲያርፍ አይሰማም፣ ግን መውደቁ ይታወቃል።” ለትንፋሽ ደግሞ ጣሪያ ላይ ያለ ባዶ የውኃ ጋን ውስጥ ጭንቅላቱን አስገብቶ እንድቀዳው አደረገ። ጋኑን ሲያይ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል ብዬ ፈርቼ ነበር። “ክዳኑን ብቻ አንቺ ያዢው” አለኝ፤ ያዝኩለት።

በዚያ ሰሞን ሰው መሰለ። ተቀምጦ በላ። የሳሙናዬን ማስታወቂያ አይቶ፣ “አረፋው እኔ ላይ ከወረደው ቋጥኝ የበለጠ ይጮኻል እኮ” ብሎ ቀለደብኝ። ፍሪጁን መንቀል ተወ፤ እንዲያውም ማጉረምረሙን ቀድተን ፊልሙ ውስጥ አስገባነው። ዳነ ብዬ ልደውልልሽ ነበር። እንኳንም አልደወልኩ።

አሁን የምጽፍልሽን ቀስ ብለሽ አንብቢው።

አንድ ከሰዓት “ፊልሙ አንድ ድምፅ ይቀረዋል” አለኝ። ከመሥሪያ ቤታችን ጀርባ የድሮ መጋዘን ወፍራም የድንጋይ ግንብ አለ፣ እዚያ ማይኩን ይዘን ወረድን። ከምድር ሁለት ድንጋይ አነሳና አንዱን ሰጠኝ። “እኔ በዚህ በኩል እመታለሁ። አንቺ ዞረሽ በዚያኛው ጎን ሆነሽ ትመልሺልኛለሽ። እየቆየሽ ስትሄጂ ዘገም አድርጊው። ከዚያ ደከም አድርጊው። ከዚያ አትመልሺ። እኔ ብመታም አትመልሺ” አለኝ።

“እንዴት አድርጌ ልምታ?” አልኩት።

መዳፌን ገለበጠና በጣቱ አሳየኝ። ሁለቴ ፈጠን፣ አረፍ፣ አንዴ ጠንከር። እንደገና ሁለቴ ፈጠን፣ አረፍ፣ አንዴ ጠንከር።

እማዬ፣ ይሄ አመታት የማን እንደሆነ አልጽፍልሽም። እኔ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ስቆይ በሩን በዚህ ዓይነት የሚደበድበው ማን እንደነበር፣ አንቺም “በሩን ገነጠልከው እኮ!” እያልሽ ትጮኺ የነበረው ማን ላይ እንደሆነ ታውቂያለሽ።

ግንቡን ዞርኩ። ከወዲያ በኩል መታ። መለስኩ። መታ፣ መለስኩ። ድንጋይ ውስጥ የሚያልፍ ድምፅ ርቀቱ አይታወቅም፤ ሲሰማ አጠገብሽም ነው፣ ከምድር ሆድም ነው። እንዳለኝ ዘገም አደረግሁት። እንዳለኝ ደከም አደረግሁት። ከዚያ ድንጋዬን ይዤ ቆምኩ። እሱ መታ። ቆየና መታ። አሁንም መታ። አትመልሺ ብሎኛልና አልመለስኩም። ፀሐይዋ ከግንቡ ወርዳ እግሬ ሥር እስክትደርስ ሲመታ ሰማሁት፤ በዕድሜዬ እንደዚያ የከበደኝ ዝምታ የለም። መጨረሻ ላይ አልቻልኩም፤ ዞሬ ሄድኩ። ጣቶቹ ደምተው፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ቀኝ ጆሮውን ግንቡ ላይ ለጥፎ ይመታል። እጁን ያዝኩት።

“ማይኩ ይዞታል?” አለኝ።

“ይዞታል” አልኩት።

እኔም አልጠየቅሁትም፣ እሱም አልነገረኝም። እጁን አጥቤ አሰርኩለት።

እዚህ ላይ ትንሽ አረፍ በይ እማዬ። ውኃ ጠጪ።

ያን ቀን ከቃሬዛው ላይ ሆኖ፣ ጭቃው ከፊቱ ሳይታጠብ እጅሽን ይዞ ያለሽን ቃል እኔም አጠገብሽ ቆሜ ሰምቻለሁ። “ወዲያው ነው እማዬ፤ ምንም አልተሰማውም” ነው ያለሽ። ለመጣ ሰው ሁሉ ይሄንኑ ቃል እየነገርሽ ኖረሻል፤ እኔም እየነገርኩ። ከራሱ በፊት አንቺን ነበር ያሰበው። ዓይንሽን የማያየው ቂም ይዞ አይደለም። ዓይንሽን ካየ አፉ እንደማይታዘዝለት ስለሚያውቅ ነው። ፌንጣን ወደ ሥራ የላክሽው አንቺ መሆንሽ አንድ ቀን እንኳ ከአፉ ወጥቶ አያውቅም፤ በልቡም የለም። በልቡ ያለው ሌላ ነው፣ እሱንም እነግርሻለሁ።

ፊልሙ የታየው አንድ የሥዕል ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ፣ መጋረጃ ተዘግቶ ነው። ብዙ ሰው አልመጣም። ከመጡትም ጥቁሩ ሲረዝም “ፕሮጀክተሩ ተበላሸ እንዴ?” ያለ አለ፤ ሳል የያዘው አለ፤ የተነሱም ነበሩ። ከፊቴ የተቀመጡ ባልና ሚስት ግን፣ ሚስትየዋ ቀስ ብላ የባሏን እጅ ስትፈልግ አይቻለሁ። ከኋላ የዋሻው ካቦ ነበሩ፤ ያን ጊዜ ቁፋሮውን መርተው ጋሼን ያወጡት ሰውዬ። ማን እንደጠራቸው አላውቅም። ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

የግንቡ አመታት ድምፅ መጣ። ስክሪኑ ላይ ምንም የለም፤ ደቃቁ አሸዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል። ሁለቴ ፈጠን፣ አረፍ፣ አንዴ ጠንከር። እኔ የራሴን እጅ መስማት አቅቶኝ ጆሮዬን ልይዝ ስል፣ ከኋላ ወንበር ወደቀ። ካቦው ተነስተው ቆመዋል። በዚያ ጨለማ ውስጥ፣ በሙሉ ድምፃቸው፣

“ሰምተናል! ሰምተናል ልጄ! እየመጣን ነው፣ አይዞህ!” ብለው ጮኹ።

አዳራሹ ደነገጠ። ሊወጡ በሩ ጋ የደረሱት ባሉበት ቆሙ። ድምፁ ግን እንደሠራሁት ዘገም አለ። እንደሠራሁት ደከመ። ካቦው ቆመው ጠበቁ፣ ጠበቁ፤ ከዚያ ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው ቁጭ አሉ።

ሰው ከወጣ በኋላ ካቦው መተላለፊያው ላይ ጋሼን አገኙት። ሰላምታ አልተለዋወጡም። “ሁለት ቦታ ነበር የሚሰማን” አሉት። “የሚቀርበን ወዳንተ ያለው ነበር። ወደሚቀርበው ቆፈርን።” ጋሼ “አውቃለሁ” አለ። ከዚያ ያን ሁሉ ጊዜ ከኔም፣ ካንቺም፣ ከሐኪሙም የደበቀውን ተናገረ፤ “እኔ መምታቴን ባቆም ኖሮ ወደ እሱ ትቆፍሩ ነበር።”

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ደፉ። “አዎን፣ ምናልባት” አሉ። ሊያባብሉት አልፈለጉም። “ግን አንተ ዝም ብትል፣ እሱ ያን ሁሉ ጊዜ ብቻውን ይሆን ነበር” አሉት። ትከሻውን ነክተው ሄዱ።

ጋሼ በዚህ ዳነልኝ ብዬ አልዋሽሽም። ሥራ አልተመለሰም፣ የሚመለስም አይመስለኝም። አንዳንድ ቀን አሁንም መቃኑ ሥር አገኘዋለሁ። ግን ካቦው የነገሩትን ቃል ለብቻው ሲደግም እሰማዋለሁ፤ ብቻውን አልነበረም፣ ብቻውን አልነበረም ይላል። እኔም ላንቺ ከዚህ ሌላ የምሰጥሽ የለኝም። ልጅሽ ብቻውን አልነበረም እማዬ። የሚመልስለት ነበረው።

ሰዓሊዋ በሚቀጥለው ወር ፊልሙን ደግመው ሊያሳዩት ነው። ልምጣ ብለሽ ነበር። አትምጪ የምልበት አንጀት የለኝም፣ ነይ የምልበትም ድፍረት የለኝም፤ አሁን ሁሉን ስላወቅሽ አንቺው ወስኚ። ይሄን ስጽፍ ጋሼ አይቶኛል። “ለእማዬ ነው” አልኩት። ጻፊላትም አላለኝ፣ ተይውም አላለኝ። ክፍሉ እየደነገዘ ስለነበር መብራቱን አበራልኝና ወጣ።

ባትመጪ ማንም አይቀየምሽም። የክረምት ጫማሽን ልክ እጠይቅሻለሁ፣ ስለ ጣሪያሽ እንጨቃጨቃለን፣ ኑሮ እንደነበረው ይቀጥላል። ከመጣሽ ግን በቀኙ ተቀመጪ፤ በግራው ብትናገሪው አይሰማሽም። በጨለማው አትደንግጪ፤ ትንሽ ስትቆዪ ቀለሙ ይመጣልሻል። የምታዪው እኔ ያየሁትን ላይሆን ይችላል፤ እንደዚያ ያለ ፊልም ነው። ፌንጣን ታዪው ይሆናል፤ እኔ አላውቅም።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። መጨረሻው ላይ ድምፅ የለውም። ለረጅም ጊዜ ምንም አይሰማም። ሰዉ አለቀ ብሎ ኮቱን ይለብሳል፣ ይነሳል፣ አንዱ መብራት ፍለጋ ግድግዳ ይዳብሳል። “ይሄን ለምን አናሳጥረውም?” ብዬ ጋሼን ጠይቄው ነበር። “አላለቀም እኮ፤ እያዳመጥኩ ነው” አለኝ። አንቺ አትነሺ እማዬ። እጁን ያዢና አብረሽው አዳምጪ።

ፈጣሪ ጉልበትሽን ያጽናልኝ፣ እንቅልፍሽን ያጣፍጥልኝ። ያሳደገንን እጅሽን እስማለሁ። የጋሼንም ሰላምታ ተቀበዪ፤ ባይልሽም ልኮልሻል።

ከግንቡ ወዲያ ማዶ የቆመችው ልጅሽ